የሽማግሌ እግር ሲሞቅ

ሽማግሌ ሰው ቀድሞ የሚቀዘቅዘው እግሩ ነው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም፤ ማታ ማታ ለአባቱ ወይም ለአያቱ የእግር ውሃ ያሞቀ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ልጆች ሳለን ይህ ሥራ ምርቃት ያስገኝ ነበር። ሽማግሌው ውሃው እስኪበርድ ድረስ እግራቸውን አያወጡም፤ «እሰይ፣ አሁን ደም ዞረበት» ይላሉ። እኛም ጣታቸውን እያሸን ደም እንዴት እንደሚዞር ሳናውቅ «አሜን» እንላለን።

ወደዚህ ነገር የመለሰኝ በሠፈራችን የተነሣ ሙግት ነው። ሰማንያ ዓመት የተጠጉ አንድ ጎረቤታችን ከደረጃ ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አሉ። ማደንዘዣውም በወገብ በኩል የሚሰጠው፣ የሆስፒታል ሰዎች «ስፓይናል» የሚሉት ቢሆን እንደሚመርጡ ነገሯቸው። ያኔ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ትልቁ ልጅ «አባቴን ወገቡን አታስወጉትም፣ ሽባ ሆኖ ይቀራል» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። እኅቱ ደግሞ «በሙሉ ሰመመን ከተኛ አይነቃም» ብላ ታለቅሳለች። እኔ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ መርፌ የምጠየቅ አልነበርኩም። ግን መቼም መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሁሉን ያውቃል በሚባልበት ሠፈር ስለምኖር «እስቲ አንተ ምን ትላለህ?» ተባልኩ። አላውቅም ማለት አሳፈረኝና «ነገ እነግራችኋለሁ» ብዬ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ያገኘሁት ነገር ሁለቱም ልጆች ፍርሃታቸውን ከአየር ላይ እንዳላመጡት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በጀርመን አገር፣ ኪል በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አውጉስት ቢር የሚባል ቀዶ ሐኪም ነሐሴ 16 ቀን 1898 ቁርጭምጭሚቱ በቲቢ የተበላ አንድ የ34 ዓመት የቀን ሠራተኛ ቀረበለት። የዚያን ዘመን ሙሉ ሰመመን ኤተርና ክሎሮፎርም ነበር። ቢር ሰውየውን ከማስተኛት ይልቅ የወገቡን አጥንት መሐል በቀጭን መርፌ ወግቶ፣ ህብለ ሰረሰሩ በሚዋኝበት ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ኮኬይን ጨመረ። ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ ካርል ኮለር የተባለ የቪየና ሐኪም በ1884 አሳይቶ ነበር። ቢርም የታመመውን ክፍል ሲያወጣ ሕመምተኛው እያየ ምንም አልተሰማውም። በኋላ ግን ራሱን አመመው፣ አስመለሰውም።

ከእርሱ በኋላም በሌሎች ሕመምተኞች ላይ እንዲሁ ሆነ። ቢር ይህን ጣጣ ለመረዳት በራሴ ላይ ይሞከርልኝ አለ። ነሐሴ 24 ቀን ማታ ረዳቱ ዶክተር ሂልደብራንት መርፌውን በአለቃው ወገብ ላይ ሰካ። ስሪንጁ ግን ከመርፌው ጋር አልገጥም አለ። ኮኬይኑ ፈሰሰ፤ የወገቡም ፈሳሽ እንደ ምንጭ ወረደ። ታዲያ ረዳቱ «እንግዲያው በኔ ላይ ይሁን» ብሎ ራሱን አቀረበ። በእርሱ ላይ ሠራ። ቢር እግሩን በመርፌ እስከ አጥንት ወጋው፣ በሚነድ ሲጋራ ተኮሰው፣ ቅልጥሙን በብረት መዶሻ መታው፤ በጋዜጣ መጻፍ የማይገባኝ ቦታም ሳይቀር ጎተተው። ሂልደብራንት ምንም አላመመውም። ሁለቱ ደስ ብሏቸው እራት በሉ፣ ወይን ጠጡ፣ ሲጋራ አጨሱ። በማግሥቱ ግን ረዳቱ ራሱን እያመመውና እያስመለሰው፣ በበለዘ ቅልጥም ሥራ ገባ። ቢር ለዘጠኝ ቀን ከአልጋ ሲነሣ ራሱ የሚፈነዳ ይመስለው ነበር።

ይህ ጨዋታ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ እየተሣቀበት ይተረካል። የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢር ከሕመም ማስታገሻው ይልቅ ዕድሜውን ሙሉ የተጨነቀበት ጉዳይ ደም ነበር። ደም በታመመ አካል ላይ ሲበዛ ይፈውሳል ብሎ ያምን ነበር። ቲቢ የያዘውን መገጣጠሚያ ከላይ በላስቲክ እያሰረ ደም እንዲያቁር ያደርግ ነበር፤ በ1903 ስለዚሁ መጽሐፍ ጻፈ። በአካል ላይ ደም የሚያበዛበትን መንገድ ሲፈልግ የኖረው ሰው፣ የሁለቱንም እግር ደም ሥሮች በአንድ ጊዜ የሚከፍተውን ቁልፍ በእጁ ይዞ ለሕመም ማስታገሻ ይጠቀምበት ነበር ማለት ነው።

ቁልፉ ምንድን ነው? ወደ ኋላ ትንሽ እንመለስ። በ1851 ክሎድ በርናር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ የጥንቸል አንገት ውስጥ ያለውን ሲምፓቴቲክ የሚባለውን ነርቭ ቆረጠ። ነርቭ ሲቆረጥ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ጆሮዋ ግን ቀላ፣ ሞቀ። እርሱና ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደተረዱት ይህ ነርቭ የደም ሥሮችን ጨብጦ የሚይዝ ነው። ዘበኛ በሉት። እሱ ሲነሣ ደም ሥሩ ይላላል፣ ደሙ ይገባል፣ ቆዳው ይሞቃል። ለእግር ደም ሥሮች የሚሄደው ትእዛዝ ደግሞ ከደረት ታችና ከወገብ በላይ ከህብለ ሰረሰር ይወጣል። የስፓይናል መድኃኒት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም ያሰኛል። ቀጫጭኖቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚያንቀላፉም፣ ሕመምተኛው እግሩ ከመደንዘዙ በፊት «ሞቀኝ» ይላል። ሰመመን ሰጪው ባለሙያ መርፌው ቦታውን እንዳገኘ ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህች ቃል ናት።

(የቃል ነገር ከተነሣ አንድ ልጨምር። ኮኬይን መርዝነቱ ስለበዛ ሰዎች ሌላ ፈለጉ። በ1904 ኧርነስት ፉርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት አዲስ ማደንዘዣ ሠራ። ስሙ በፈረንሳይኛ «ምድጃ» ማለት ነው፤ የኛ የፉርኖ ዳቦ የሥጋ ዘመድ። በእንግሊዝኛ ምድጃ «ስቶቭ» ስለሆነ መድኃኒቱን «ስቶቫይን» አሉት። እግር የሚያሞቅ መድኃኒት በምድጃ ስም መጠራቱ አጋጣሚ ነው፤ እኔን ግን አስደስቶኛል።)

አሁን ወደ ሽማግሌው እግር እንምጣ። ዕድሜ የገፋ ሰው የደም ሥሩ ደረቅ ነው፤ እንደ አሮጌ የውኃ ጎማ አይለጠጥም። ዘበኛውም በወጣትነት ጊዜ ከነበረው የበለጠ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ወገቡ ሲወጋ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አንደኛው በጎው ነው፤ እግሩ ደም ያገኛል። ሁለተኛው ክፉው ነው። ወደ እግርና ወደ ሆድ የወረደው ደም ከልብ ዘንድ ይጎድላል፣ የደም ግፊት ይወድቃል። ወጣት ልብ ቶሎ ቶሎ መትቶ ይተካዋል። አሮጌ ልብ ግን ይህን እንደልቡ አያደርግም። በ1997 የታተመ፣ የልብ ሕመም ባለባቸው አዛውንት ወንዶች ላይ የተሠራ የአሜሪካ ጥናት ከስፓይናል በኋላ የደም ግፊታቸው በአማካይ በሲሶ እንደወረደ አሳየ። ዋናው ምክንያት የደም ሥሮቹ በሩብ ያህል መላላት ነበር፤ የልብ ድካም ድርሻው አነስተኛ ነው። እንግዲህ የሽማግሌው እግር የሞቀበት ምክንያትና ባለሙያው የግፊት መለኪያውን እያየ የሚያልብበት ምክንያት አንድ ነው። አንዱን ወድዶ ሌላውን መተው አይቻልም። ኤፈድሪን የሚባለውን ግፊት ማንሻ ሐኪሞች ለዚሁ ጣጣ ከ1927 ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

የእግር ሙቀት ለብቻው ትልቅ ቁም ነገር የሆነበት ጊዜም ነበር። በ1920ዎቹ እግራቸው የሚጠቁርና የሚቆስል ሰዎችን ለመርዳት ቀዶ ሐኪሞች ያንን ሲምፓቴቲክ ነርቭ ከወገብ መቁረጥ ጀመሩ። ጥያቄው ለማን ይጠቅማል የሚል ነበር። በ1930 ሞርተንና ስኮት የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች አንድ ብልሃት አሳተሙ። ሕመምተኛውን አደንዝዞ የእግር ጣቱን ሙቀት መለካት። ጣቱ ከሞቀ ደም ሥሩ ተጨብጦ የቆየ ነውና ነርቩ ቢቆረጥ ይጠቅመዋል። ጣቱ እንደቀዘቀዘ ከቀረ ግን ደም ሥሩ ከውስጥ ተደፍኗል። የተደፈነ ቱቦ ዘበኛው ቢሻር አይከፈትም። ብዙ ሽማግሌዎች ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ሆነው ተገኙ። ይህ የስፓይናልን ጥቅም ልክ ያሳያል። ደም የሚጨምረው ሊከፈት ለሚችል ሥር ነው፤ የሚሞቀውም በይበልጥ ቆዳው ነው፣ ከሥር ያለው ጡንቻ እምብዛም አይደለም።

የትልቁ ልጅ ፍርሃት ደግሞ ምንጩ እዚህ ይጀምራል። ጥቅምት 13 ቀን 1947 በእንግሊዝ አገር፣ ቼስተርፊልድ በምትባል ከተማ ሆስፒታል፣ ዎሊ እና ሮ የተባሉ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። አንዱ 56 ዓመቱ ነበር፤ በቆለጡ ዙሪያ ውሃ ተቋጥሮበት ነው የመጣው። ሌላው 45 ዓመቱ ነበር፤ ሕመሙ ጉልበቱ ላይ ነው። ሞት የሚያሰጋ ሕመም የላቸውም። ሁለቱም ወገባቸውን ተወጉ። ሁለቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜ ልካቸውን ሽባ ሆነው ቀሩ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1953 ተሰማ፣ በ1954 በይግባኝ ተወሰነ። ማደንዘዣው የሚመጣው በመስታወት ብልቃጥ ነበር። ብልቃጦቹ ከውጭ ንጹሕ እንዲሆኑ ካርቦሊክ አሲድ በሚባለው የጀርም መግደያ ውስጥ ተዘፍዝፈው ይቀመጣሉ። ዓይን በማያየው ስንጥቅ በኩል አሲዱ ገብቶ ከመድኃኒቱ ጋር ተቀላቅሏል የሚል ማስረጃ ቀረበ፤ ዳኞቹም ተቀበሉት። ሁለቱ ሰዎች ግን ተረቱ። በ1947 እንዲህ ያለ ስንጥቅ መኖሩን ማንም ሐኪም ሊያውቅ አይችልም ነበር ተባለ። ዳኛ ዴኒንግ የ1947ቱን አደጋ ዛሬ ባወቅነው ዓይን ማየት አይገባም የሚል ሐሳብ ጻፉ፤ የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይማሩታል። በ1990 ደግሞ ሌላ ሐኪም ነገሩን እንደገና መርምሮ ስንጥቁን ተጠራጠረ። መርፌና ስሪንጅ የሚቀቀልበት ዕቃ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ኖራ ለማስለቀቅ አሲድ ይደረጋል፤ ያ አሲድ በደንብ ሳይደፋ ቀርቶ ይሆናል አለ። እኔ ይህኛው ይበልጥ ያሳምነኛል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ ሁለት ብልቃጥ በአንድ ላይ ከሚሰነጠቅ አንድ ዕቃ ሳይታጠብ ቢቀር ይቀላል። ድስት ያጠበ ሰው ይረዳኛል።

ያም ሆነ ይህ፣ ጥፋቱ የመርፌው ቦታ ወይም የማደንዘዣው አልነበረም። ወሬው ግን ይህን አልለየም፤ «ስፓይናል ሽባ ያደርጋል» ተባለ። በዚያው በ1954 አሜሪካ ውስጥ ድሪፕስና ቫንዳም የተባሉ ሐኪሞች 10,098 ስፓይናሎችን ተከታትለው፣ አንድም እንዲህ ያለ ዘላቂ ሽባነት እንዳላገኙ አሳተሙ። ማን ሰማቸው? አሥር ሺህ ደህና የገባ ሰው ጋዜጣ ላይ አይወጣም። በእንግሊዝ ከአንድ ትውልድ በላይ የወገብ ማደንዘዣ ከሞላ ጎደል ተተወ። ፍርሃቱ ከዚያም አልፎ ወሬው በተሰማበት አገር ሁሉ ሄደ። የኛ ሰው የቼስተርፊልድን ስም ባይሰማም፣ «ወገብ ከተወጋ አለቀ» የሚለውን ቃል ሰምቷል። ዛሬ በአገራችን ሆስፒታሎች በቀዶ ጥገና የሚወልዱ እናቶች በአብዛኛው በዚሁ መርፌ ነው የሚገላገሉት። እንዲያም ሆኖ የጀርባ ሕመም የገጠማት ሁሉ፣ ሕመሙ ከእርግዝናም ሆነ ከጉልበት ሥራ ቢመጣ፣ መርፌውን ትከስሳለች።

ዶክተሮቹ መርፌውን በፈሩበት በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ሆነ። በ1962 ጆን ቻርንሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ያረጀ የዳሌ መገጣጠሚያ አውጥቶ በብረትና በፕላስቲክ የሚተካበትን ዘዴ አሳካ። በሺህ የሚቆጠሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወደ ቀዶ ጥገና አልጋ ወጡ። ዳሌው ይድናል፤ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዳንዱ ከአልጋው ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ይሄድና «አየር አጠረኝ» ብሎ ይወድቃል። በእግር ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ገብቷል። ደም የሚረጋው ሲቆም ነው፤ ፊርሖ የሚባለው ጀርመናዊ ይህን በ1850ዎቹ አስተምሯል። ወንዝ ሲቆም እንደሚያረግረግ ነው። ሙሉ ሰመመን ወስዶ እንደ ግንድ የተጋደመ ሽማግሌ እግር ውስጥ ደሙ ይተኛል።

ታዲያ በወገብ በኩል ቢደነዝዝስ? በ1983 በስዊድን፣ ኡፕሳላ ላይ ሞዲግና ባልደረቦቹ ዳሌ የሚተካላቸውን 60 ሰዎች በሁለት ከፈሏቸው። ሠላሳው ሙሉ ሰመመን ወሰዱ። ሠላሳው ኤፒዱራል ተሰጣቸው። ኤፒዱራል የስፓይናል የቅርብ ወንድም ነው፤ መድኃኒቱ ከሽፋኑ ውጭ በቀጭን ቱቦ እየተጨመረ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ይቀጥላል። በሙሉ ሰመመን ከተኙት 77 በመቶዎቹ እግራቸው ውስጥ ደም ረጋ፤ በኤፒዱራል ከተሠሩት 40 በመቶዎቹ። ወደ ሳንባ የሄደው 33 በመቶ እና 10 በመቶ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ሌሊት ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ለሰላሳ ዓመት በአንድ ዕቃ ባልታጠበ አሲድ የተነሣ መርፌውን የተከለከሉ ሽማግሌዎች ስንት ናቸው? ቁጥሩን የሚነግረኝ የለም፤ ጥያቄው ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር አልተቀበረም። ምክንያቱ የደም መፍሰስ ፍጥነት ብቻ እንዳልሆነም ልናገር። በወገብ ሲደነዝዝ በቀዶ ጥገናው የሚፈሰው ደም ያንሳል፤ ሰውነት የረጋ ደም የሚያሟሟበት ኃይልም ያን ያህል አይዳከምም።

በ2000 ደግሞ ሮጀርስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 141 ጥናቶችንና 9,559 ሕመምተኞችን አንድ ላይ አስቀምጠው ቆጠሩ። በወገብ የተደነዘዙት ላይ የሚደርሰው ሞት በሲሶ ያህል፣ የእግር ደም መርጋት በ44 በመቶ አንሶ ተገኘ። እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። ትልቁን ልጅ «እፈር!» ብዬ ጨዋታውን እዘጋው ነበር።

ግን አይቆምም። በ2021 በአሜሪካና በካናዳ 1,600 የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ፣ በአማካይ 78 ዓመት የሆናቸው ሰዎች በዕጣ ተከፋፍለው፣ ግማሾቹ ስፓይናል፣ ግማሾቹ ሙሉ ሰመመን ወሰዱ። ከ60 ቀን በኋላ የሞቱት ወይም ያለ ሰው እርዳታ መራመድ ያቃታቸው፣ በስፓይናል 18.5 በመቶ፣ በሙሉ ሰመመን 18.0 በመቶ ሆኑ። እኩል ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የት ሄደ? መልሱ የሚመስለኝ ዘመኑ ተለውጧል ነው። ዛሬ ዳሌው የተሠራ ሰው የደም ማቅጠኛ መርፌ ይወጋል፣ በማግሥቱ ተደግፎ እንዲቆም ይደረጋል። ስፓይናል ለእግሩ ያደርግ የነበረውን ሌሎች ነገሮች ያደርጉለታል። እንዲያውም ከማቅጠኛዎቹ አንዳንዶቹ ከወገብ መርፌ ጋር ሲገናኙ በህብለ ሰረሰር አካባቢ ደም እንዳያቁር ስለሚያሰጋ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1997 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ሁለቱ መርፌዎች በሰዓት ተራርቀው መሰጠት አለባቸው።

ጠዋት ይህን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። ለልጁ የፈራው ሽባነት ያልታጠበ ዕቃ ታሪክ መሆኑን ነገርኩት፤ መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። ለእኅቱ ዛሬ በሙሉ ሰመመን የሚተኛ ሽማግሌ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚነቃ፣ በ2021 የተቆጠረውን ጠቅሼ ነገርኳት። ለሁለቱም ዋናው ነገር ማን ያደነዝዛል፣ ግፊታቸው ሲወርድ ቶሎ የሚያነሣ ባለሙያ ከጎናቸው አለ ወይ፣ ልባቸውስ እንዴት ነው የሚለው መሆኑን ጨመርኩ። «አባታችሁስ ምን አሉ?» ስላቸው ተያዩ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ገብተን ጠየቅናቸው። እርሳቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው የፈለጉት፤ «ነቅቼ ነው የምሠራው ተኝቼ?» እና «ማታ ቡና እጠጣለሁ?» ነቅተው እንደሚሆኑ ሲሰሙ ወገባቸውን መረጡ። «የሚሠሩብኝን ልስማ» አሉ።

ባለሙያዋ እንደነገረችን መርፌው ከገባ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ልጄ፣ እግሬ ላይ ውሃ ማን አፈሰሰ? ሞቀኝ» ብለዋል። ወዲያው ግፊታቸው ወርዶ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፤ «ትንሽ አስጨንቀውን ነበር» አለች። ማታ ስጠይቃቸው ሄድኩ። ማደንዘዣው ለቋቸው ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ እግራቸውን ነካሁት። ቀዝቅዟል። ነርሷ ሆዳቸው ላይ የምትወጋውን የደም ማቅጠኛ መርፌ ይዛ መጣች፤ ነገ ጠዋት በሁለት ሰው ተደግፈው እንደሚቆሙም ነገረቻቸው። ልጃቸው ቡናውን በፔርሙስ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።